ተቀባይ ያጣ ዘፈን

ያሳሰረችኝ ጎረቤቴ ናት። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ በታወጀ ሰሞን፣ «ለታጣቂ ስንቅ ታቀብላለች» ብላ ጠቆመችብኝ። ስሟን አልጽፍም። ከሚሴ ትንሽ ከተማ ናት፤ የሚያውቃት ያውቃታል።

እኔ ጨርቅ እሸጣለሁ፤ እሷ ከግድግዳዬ ማዶ ሙዚቃ ቤት ነበራት። የሰው ልጅ አንድ ነው የሚለውን ያንን የጃማይካ ዘፈን ጠዋት ትከፍተዋለች፤ ማታ ነው የምትዘጋው። ድምፁን እንድትቀንስ ቀበሌ ከስሼ አስፈርጄባት ነበር። ቂሟ ከዚያ ይጀምራል።

ያጎሩን የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። ስንተኛ የማሽላው ብናኝ ያስነጥሰናል። ሙስሊሞቹ በበሩ በኩል፣ እኛ ክርስቲያኖቹ በስተኋላ ተኛን። እንዲህ ሁኑ ብሎ ያዘዘን ሰው የለም።

በሦስተኛው ሳምንት በሩ ተከፈተና ያችኑ ጎረቤቴን አስገቧት። እሷንም ሌላ ሰው ጠቁሞባት ኖሯል። ቦታ የለቀቀላት አልነበረም፤ ሽንት ባልዲው አጠገብ ተቀመጠች። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

በማግስቱ ከሰዓት አንዲት የጨፋ ገበሬ ሴት ታለቅስ ነበር። ስትያዝ የሚጠባ ልጇን ጎረቤት ጥላ ነው የመጣችው። ወተቱ እየፈሰሰ ቀሚሷን አርሶታል። ከነጋ እህል አልቀመሰችም።

«አብሽሪ፣ ልጄ» አሏት አብረውን የታሰሩ አንዲት የባቲ አሮጊት። ወዲያው ወደ እኛ ዞሩ። «ኧረ አንዳች ነገር በሉላት! ሁላችሁም ዲዳ ናችሁ?»

«መንዙማ ይባል» አለች ከበሩ በኩል አንዷ።

«እኛስ? መዝሙር ብናወጣ እናንተ ትቀበላላችሁ?» አለች ከኛ በኩል ሌላዋ።

«እንግዲያው ተከራከሩ፤ እሷ ታልቅስ!» አሉ አሮጊቷ።

ይኼኔ ጎረቤቴ ከባልዲው አጠገብ ያንን ዘፈን አወጣች። አንድ ስንኝ ብላ ተቀባይ ጠበቀች። እኛ አገር ተቀባይ ከማጣት የከፋ ውርደት የለም። ማንም ትንፍሽ አላለም። ደግማ አወጣች። ቃሉን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ስንት ዓመት በግድግዳ ሰምቼዋለሁ።

ዝም ብል አፍራ ትቀራለች። የምመኘውም ይህንኑ ነበር። የጨፋዋ ሴት ግን ማልቀሷን ትታ፣ ቀና ብላ፣ ቀጣዩን ትጠብቅ ነበር።

ተቀበልኩ። እንግሊዝኛ አላውቅም፤ እንደሰማሁት አልኩት። አሮጊቷ እንደ መንዙማ ያጨበጭቡ ጀመር። ቆይቶ ከበሩም ከኋላም ሁሉም ተቀበለ። የማናችንም ጸሎት ስላልነበረ ማንንም አላስከፋም። የጨፋዋ ሴት እንባዋን ጠርጋ ዳቦዋን አነሳች።

ሲያበቃ ጎረቤቴ ተጠጋችኝ። «እትዬ፣ አፉ በይኝ። በድዬሻለሁ።»

«ለእሷ ብዬ ነው» አልኳት፣ ወደ ጨፋዋ ሴት እያመለከትኩ። «ላንቺ አይደለም።»

ዛሬ ባጃጅ ውስጥ ዘፈኑ ሲያጋጥመኝ ዝጋው አልልም። ዘፈኑ እውነቱን ነው። እውነትን የሚዘፍን ሁሉ ግን እውነተኛ አይደለም።

ከተፈታን በኋላ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ላከችብኝ። ምሳ አብልቼ ሸኘኋቸው። እናቷ ሲሞቱ ለቅሶ ቤት ሄድኩ። እስኪመሽ ተቀመጥኩ። ሳላነጋግራት ተመለስኩ።