ሎሚን ዝቅ የማድረግ ጉዳይ

ወጣቶች መኪናቸውን አስፋልት እስኪልስ ድረስ ዝቅ አስደርገው ሲያልፉ ባየሁ ቁጥር ብቻዬን እስቃለሁ። ልጆቼ "እማዬ ጃጀች" ይላሉ። አልጃጀሁም፤ የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩበት ቀን ትዝ ብሎኝ ነው። ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ጊዜ፣ ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ አጠገብ ቤት ተከራይተን ስንኖር ነው።

ባለቤቴ ሽፈራው ባቡር ጣቢያ ጸሐፊ ነበር። አንድ ግሪክ ጓዙን ሸክፎ ወደ አገሩ ሲመለስ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ ሸራ የሆነ ትንሽ የስፖርት መኪና ሸጠለት። ቀለሟ ቢጫ ስለነበር ሰፈሩ በሙሉ ሎሚ ይላት ነበር። ሽፈራው ረጅም ነው። ሲነዳት ጉልበቶቹ ከመሪው ግራና ቀኝ ብቅ ይላሉ። ያም ሆኖ ስለሷ ክፉ መናገር አይቻልም ነበር። እኔ ሳስል "ይሻልሻል" ብሎ የሚተኛ ሰው፣ ሎሚ ስታስል እንቅልፍ አይወስደውም።

አንድ ቀን ከጅቡቲ በባቡር ተጭና የመጣች የፈረንጅ መኪና ጣቢያው ደጃፍ ላይ አይቶ መጣ። ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም አይቀረውም ነበር አሉ። ምሳው አልወርድለት አለ።

"አድፍጣ የተኛች ነብር ነው የምትመስለው" አለኝ።

"ሎሚስ ምን ትመስላለች?"

"ሎሚማ ቀሚሷን ሰብስባ ጭቃ የምትሻገር ሴትዮ ናት።"

ጓደኛው ሮብሌ ከጅቡቲ ዕቃ እያመጣ የሚነግድ ሶማሌ ነበር። የሽፈራውን ጭንቀት ሰምቶ ዝም አላለም። ሎሚ ከተሠራችበት ሞላ አጠር ያሉ ሞላዎች አፈላልጎ አመጣለት። እነሱ ከገቡ መኪናዋ ዝቅ ትላለች። የተቀቡት ግራሶ ወለሉን ስላበላሸብኝ በአሮጌ አንሶላ ጠቅልዬ አልጋ ሥር ከተትኳቸው። ከዚያ በኋላ ጠዋት ከአልጋ በወረድኩ ቁጥር የእግሬ ጣት እነሱን ሳይመታ የቀረበት ቀን የለም።

እኔ አይገቡም አልኩ። ያኔ መውለጃዬ ደርሶ ነበር። ሆስፒታሉ ከደቻቱ ማዶ በከዚራ በኩል ነው። ደቻቱ ደግሞ ጎርፍ ካልመጣበት በስተቀር ወንዝ ተብሎ የተጠራ አሸዋ ነው። ሎሚ በደህናው ጊዜም ሆዷን እያሻሸች ነው የምታቋርጠው። ዝቅ ካለችማ ምጥ የመጣብኝ ቀን አሸዋ መሃል ቀረሁ ማለት ነው።

"እኔ ልውለድና ከፈለግህ መሬት ውስጥ ቅበራት" አልኩት።

ነገሩ በዚህ ባለቀ ነበር፤ በርጫ ባይኖር። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ሽፈራው፣ ሮብሌና ጋራዥ ያለው ሙሳ ሳሎናችን ምንጣፍ ላይ ጋደም ብለው ጫት ይቅማሉ። ምርቃናው እየወጣ ሲሄድ የሎሚ ጉዳይ ይነሳል። ያኔ ሦስቱም አንድ ልብ ናቸው። ሎሚ ዝቅ ትላለች፣ ከዚራን ትዞራለች፣ ሐረር ድረስ ስሟ ይጠራል። ሽፈራው ዓይኑ ያበራል። እኔ ውሃ ይዤ ስገባ ሮብሌ ይሟገትልኛል፤ እንዲያውም ይሟገተኛል።

"ወላሂ ዱማሺ፣ ዝቅ ያለ መኪና አይገለበጥም! ላንቺ ነው የምናስበው!" ይለኛል። ዱማሺ የወንድም ሚስት ማለት ነው፤ ሊያባብለኝ ሲፈልግ ነው እንዲህ የሚጠራኝ።

ጠዋት ሲሆን ሽፈራው ራሱን እያከከ "አሸዋው አለ... አንቺም አለሽ... ይቅር" ይላል። ከሰዓት ደግሞ ሞላው ይገባል። ጠዋት ይቅር። በዚህ መሃል ያዳነኝ የሙሳ ሕግ ነው። አንድ ደንበኛው በምርቃና "ነፋስ ይግባ" ብሎ የታክሲውን ጣሪያ አስቆርጦት፣ ጠዋት መጥቶ ስላለቀሰበት፣ ሙሳ በርጫ ላይ የታዘዘ ሥራ አይሠራም። "አቦ፣ ጠዋት ድገምልኝ" ነው መልሱ። ሽፈራው ጠዋት ደግሞለት አያውቅም።

ታዲያ አንድ ቀን በርጫው እንደጋለ ሙሳ ራሱ መላ አመጣ። ሞላው ሳይገባ ሎሚን በጭነት ዝቅ አድርገን ለምን አናያትም አለ። ለማየት ደግሞ ጠዋት መጠበቅ አያስፈልግም። ሮብሌ ከመጋዘኑ ሁለት ጆንያ ማሽላ አስመጣ። አንዱን ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ከተቱ፣ ሌላውን ከሹፌሩ አጠገብ እንደ እንግዳ አስቀመጡት።

ጩኸት ሰምቼ ስወጣ ባለቤቴ ጉንጩን መሬት ላይ አጣብቆ በሎሚ ሆድ ሥር አጮልቆ ያያል። መንገደኛ ሁሉ ቆሟል።

"አልሜ፣ ነይ እይ! ነብር!"

የሚገባውን ስድብ እየመረጥኩለት ሳለ ወገቤ ቁርጥ አለ። መቃኑን ያዝኩ።

"ሽፈራው!"

"ቆይ፣ አንዴ በዚህ ጎን ልያት።"

"ምጥ ነው!" ብዬ ጮህኩ።

በምርቃና ያለ ሰው ሐሳብ አይቸግረውም። ሮብሌ ጋሪ ይምጣ አለ። ሙሳ የጎማው ነፋስ ይታይ አለ። ሽፈራው አልጋ ሥር ያለውን የሕፃኑን ልብስ ጥቅል እንዲያመጣ ስነግረው ገብቶ ጥቅል ይዞ ወጣ። ሮብሌ ጆንያውን ከወንበሩ አውርዶ አስገባኝ፤ ሽፈራው ጥቅሉን ጭኔ ላይ ጣለልኝ። የኋላው ጆንያ ለማንም ትዝ አላለውም። ይባስ ብሎ ሮብሌና ሙሳ "ከተያዝን እንገፋለን" ብለው ከኋላችን ተፈናጠጡ።

ደቻቱ መሃል ስንደርስ ሎሚ አንዴ አጓራችና ቁጭ አለች። ሊገፉ የመጡት ሰዎች ናቸው የቀበሯት። ወርደው ቢገፉም ወይ ፍንክች። እኔ እውነቴን ነው፣ ፈራሁ። ያን አሸዋ ባየሁት ቁጥር ልጄ የምትወድቅበት ይመስለኝ ነበር።

ከቀፊራ ወተቷን ሸጣ የምትመለስ አንዲት ጠና ያለች ሶማሌ ሴትዮ መጣች። እኔን አየችኝ፣ ሦስቱን ወንዶች አየቻቸው፣ አንገቷን ነቀነቀች። ልወርድ ስል "ተይ ልጄ፣ አሸዋው ይፈጃል፣ ቁጭ በይ" አለችኝ። ከዚያ ወደ ገበያተኛው ዞራ ድምጿን ለቀቀችው።

"ዋሪያ፣ እናንተ! ወንድ የለም እዚህ? መኪናውን አንሱት!"

ተሸካሚዎች መጡ፣ ግመል ነጂዎች መጡ፣ ቅርጫታቸውን ያስቀመጡ ሴቶችም መጡ። "ያ አላህ!" ብለው ሎሚን ከነእኔ አነሷት። እንደ ሙሽራ ነበር የተሸከሙኝ፤ ሙሽራዋ ብትጮህም። ድሬዳዋ ውስጥ ከሁሉም ዝቅ እንድትል ሽፈራው የተመኘላት መኪና ያን ቀን ከሁሉም በላይ ከፍ ብላ ሄደች። ሽፈራው ከኋላ በኩል ተሸክሟል። ጎንበስ አለና በሆዷ ሥር አይቶ እንዲህ ሲል ሰማሁት፦

"ሙሳ፣ የጭስ ማውጫው ማርሚታ ደህና ነው!"

የያዝኩትን ጥቅል ልወረውርበት አነሳሁና ከበደኝ። ምጡ አቅም አሳጥቶኝ ነው ብዬ ተውኩት።

ማዶ ደረቁ ላይ አስቀመጡን፣ ሎሚም ተነሳች፣ ደረስን። ልጄ ብዙም ሳታስጨንቀኝ መጣች። ነርሷ ልታለብሳት ጥቅሉን ስትፈታ ግራሶ የጠገቡ የመኪና ሞላዎች ዱብ ዱብ አሉ። አንዱ እየተንከባለለ አልጋ ሥር ገባ። ነርሷ እኔን አየች፣ ሞላውን አየች፣ ከዚያ ልጄን በሆስፒታሉ ፎጣ ጠቀለለቻት።

ማምሻውን ሽፈራው ገባ። ጉንጩ ላይ አሁንም አቧራ ነበር። ልጁን አቀፋት፣ እንባው መጣ።

"አልሜ፣ ወስኛለሁ። ሞላው አይገባም" አለኝ።

ደስ ሊለኝ ሲል ዓይኑን አየሁት። ገና እያበራ ነው። እንዳበራ ስንቱን ወስኗል!

"ጠዋት ድገመው" አልኩት።

አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ልጅም ወልጄለት በዚያች መኪና ልበለጥ ነው ወይ ብዬ ተከፋሁ።

በማግስቱ የጥየቃ ሰዓት ሳይደርስ ከዘበኛው ጋር ሲጨቃጨቅ ሰማሁት። ገባ። ፊቱ አብጧል፣ ፀጉሩ አልተበጠረም፣ ከዓይኑ ብርሃን የሚባል ነገር የለም። በእጁ ትክክለኛውን የልብስ ጥቅል ይዟል። አጠገቤ ቆመና በደረቅ ጉሮሮው "ሞላው አይገባም" አለ። አለቀስኩ። ከሠርጌ ቀን ይልቅ ያን ጠዋት ነው ያገባኝ የመሰለኝ።

አሁን ሳስበው ንዴቱ ጠፍቶ ሳቁ ብቻ ቀርቶልኛል። ሎሚ ከተሸጠች ቆየች። ሞላዎቹን ግን የሚገዛ ጠፍቶ ዛሬም አልጋችን ሥር ናቸው፣ የእግሬን ጣትም ዛሬም ይመቱታል። ቤታችን ውስጥ ግን ሕግ ሆኖ ቀረ፤ ጠዋት ያልተደገመ ነገር እንደተነገረ አይቆጠርም።

ያቺ ልጃችን አድጋ አንድ ወጣት ሊጠይቃት ሽማግሌዎቹን ይዞ መጣ፤ ያውም በከሰዓት። አንጀት የሚበላ ንግግር ተደረገ። እኔ ሁሉንም ሰምቼ ልጁን "ጠዋት መጥተህ ድገመው" አልኩት። ሽማግሌዎቹ ተቀየሙኝ።

በማግስቱ ማልዶ፣ ብቻውን፣ ዓይኑን እያሸ መጣ። በሩን የከፈተለት ሽፈራው ነው። ምን ልትል መጣህ ብሎ ሳይጠይቀው አቅፎ ሳመው።