ሙሉውን የተመለሰው ምሳ ዕቃ

የያዙኝ ከቤተ ክርስቲያናችን ቢሮ፣ ለእሑድ ስብከት ስዘጋጅ ነው። ርእሱን በእርሳስ ጽፌው ነበር፤ «እምነት በዕለት ኑሮ» የሚል። ሁለት ፖሊሶች መጡ። አንደኛው ደጃፉ ላይ ሲደርስ ጫማውን ሊያወልቅ ጎንበስ አለ። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ጫማ እንደማያስወልቅ አያውቅም መሰለኝ። ጓደኛው ገላመጠውና ቀና አለ።

«ለአንድ ጥያቄ ነው፤ አሁን ትመለሳለህ» አለኝ ጓደኛው። ኮቴን ወንበሩ ላይ ትቼ ወጣሁ። የተመለስኩት ከፋሲካ በኋላ ነው።

ጊዜው ሁለተኛው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የታወጀበት ሰሞን ነበር። አምቦ ላይ አንዱ የልቅሶ ድንኳን ሳይነሳ ሌላው ይተከላል። ከምእመኖቻችን የአንዲት እናት ልጅ ሲቀበር መቃብሩ ላይ የጸለይኩት እኔ ነኝ፤ መርማሪውም የጠየቀኝ ስለዚያች ጸሎት ብቻ ነው።

«‹እግዚአብሔር ያያል› ብለሃል።»

«ብያለሁ።»

«ምኑን ነው የሚያየው?»

«ሁሉንም።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠና ዓይን ዓይኔን አየኝ። «ካየ በኋላስ?»

ሃያ ዓመት ሰብኬያለሁ። ሰርግ ላይ፣ ልቅሶ ላይ፣ ሳይጠሩኝም ጭምር የምናገር ሰው ነኝ፤ ባለቤቴ «አንተን ዝም ያሰኘ ይሸለማል» ትላለች። ያን ቀን ሽልማቱን መርማሪው ወሰደ። «ያስብበት» አለና ለጠባቂው አስረከበኝ።

ያስገቡኝ ከጣቢያው ጓሮ ካለች የዕቃ ማከማቻ ነው። ግድግዳዋ ቆርቆሮ፣ ወለሏ ሲሚንቶ፤ የድሮ ናፍጣና የረጠበ ጆንያ ይሸታል። ውስጥ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው ከጉደር የመጣ አስተማሪ ነው፤ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል። ሌላኛው የጌዶ አካባቢ ገበሬ፣ ነጭ ሪዛም ሽማግሌ ናቸው። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ቦታ ለቀቁልኝ።

«አካም ጅርተ? ግባ፣ ተቀመጥ» አሉኝ፣ በራቸው ላይ እንደ ቆመ እንግዳ።

ሽማግሌው የታሰሩት በልጃቸው ምክንያት ነው። ፖሊሶቹ ልጁን ቢያጡት አባቱን ወሰዱ። «ልጅህን አምጣና ሂድ» ይሏቸዋል፤ እሳቸውም የት እንዳለ አያውቁም። ከቤተሰባቸው እሳቸው አምቦ መታሰራቸውን የሚያውቅ አልነበረም። አስተማሪውም ጠያቂ የለውም። ጣቢያው ደግሞ ለእስረኛ ምግብ አይሰጥም። ስለዚህ ለሦስታችን የሚመጣው የእኔ ባለቤት የምታመጣው ምሳ ብቻ ሆነ።

ያ ምሳ የራሱ ሕግ ነበረው። ጥቅል እንጀራ አይገባም፤ በጥቅሉ ውስጥ ወረቀት ተገኝቷል አሉ። ዳቦም አይገባም። የሚገባው የተፈተፈተ ወይም ለስላሳ ነገር ብቻ ነው፤ እሱንም ጠባቂው በማንኪያ እስከ ታች ያማስለዋል። ባለቤቴ ምሳ ዕቃውን በር ላይ ትሰጣለች፤ ባዶውን ማታ መጥታ ትቀበላለች። መተያየት ክልክል ነው፤ መልእክትም ክልክል ነው። ባዶ ምሳ ዕቃ ከተመለሰላት በልቷል፣ ደህና ነው ማለት ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ምሳ ሽሮ ፍትፍት ነበር። ክዳኑን ስከፍተው የቅቤው ሽታ ናፍጣውን አሸነፈው። አስተማሪው እጁን ታጠበ። ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«አባባ፣ ይቅረቡ እንጂ።»

«ብሉ እናንተ። ሁዳዴ ነው።»

ረስቼው ነበር። እኛ ቤት ሁዳዴ የለም። ባለቤቴ ደግሞ ያለ ቅቤ ሽሮ መሥራት አትወድም። ሽማግሌው በጋቢያቸው ጫፍ የቋጠሯት ቆሎ ነበረቻቸው። ከሰዓት በኋላ በቆርቆሮው ቀዳዳ የምትገባ የፀሐይ ነጥብ አለች፤ ወለሉን አቋርጣ በሩ ሥር ስትደርስ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ያን ጊዜ ተነሥተው ይጸልያሉ፣ አንድ ጭብጥ ቆሎ ይቆረጥማሉ፣ ውኃ ይጠጣሉ። በሦስተኛው ቀን ቋጠሮው ባዶ ሆነ።

ያን ቀን ሥራዬን ጀመርኩ። ስለ መብልና መጠጥ የማውቃቸውን ጥቅሶች በተራ ደረደርኩላቸው። ለታመመ፣ ለታሰረ ሰው ጾም ግዴታ እንዳልሆነ አስረዳኋቸው። ረጅም ንግግር ነበር፤ ጥሩም ነበር፤ አሁን ሳስበው አፍራለሁ። በትዕግሥት ሰምተው ሲያበቁ «ተናግረህ ጨረስክ?» አሉኝ።

«ጨረስኩ፣ አባባ።»

«የንስሐ አባቴ ቢፈታኝ እበላለሁ። አንተ ግን ልትፈታኝ አትችልም።» ባዶውን የጋቢያቸውን ጫፍ አዩና ቀጠሉ። «ልጄ የት እንዳለ አላውቅም። ይሙት ይዳን አላውቅም። እዚህ ተቀምጬ ለእሱ ማድረግ የምችለው ይቺን ብቻ ነው። እሷን ልትወስድብኝ ነው?»

አስተማሪው አንገቱን ደፋ። እኔም ምሳውን መጨረስ አልቻልኩም።

በማግስቱ ጠባቂው ባዶውን ሊወስድ ሲመጣ ለመንኩት። «ወንድሜ፣ ለባለቤቴ አንድ ቃል ብቻ ንገርልኝ። ‹የጾም› በላት።»

«‹የጾም› ምንድን ነው?»

«የጾም ምግብ።»

«አንተ ጴንጤ አይደለህ እንዴ? ጴንጤ ሁዳዴ የጀመረው መቼ ነው?»

«ለእኔ አይደለም፤ ለሽማግሌው ነው።»

ፈገግ አለ፤ ክፋት ግን አልነበረበትም። «አምና በድምፅ ማጉያ ‹ጾም አያጸድቅም› ስትል እናቴ ጆሮዋን ይዛ ቤት ገባች። ዛሬ ‹የጾም› በልልኝ ትላለህ። ምስጢር ቢሆንስ? ለእኔ አይተርፍም?» በሩን ዘጋው።

እውነቱን ነው። ድምፅ ማጉያውን ወደ ገበያው ያዞርኩት እኔው ራሴ ነኝ። የተናገርኩት ቃል ከእኔ ቀድሞ ጣቢያው ደርሶ ጠብቆኛል።

ዘዴውን ያመጣው አስተማሪው ነው። «ምግቡን ሳንነካ እንመልሰው» አለ። «ሙሉ ሆኖ ሲመለስ ‹ለምን?› ብለው ያስባሉ።» ሦስታችንም ጾመን ምሳ ዕቃው እንደመጣ ተመለሰ። ሽማግሌው «ምን እያደረጋችሁ ነው?» ብለው ተቆጡ፤ «ጠግበን ነው፣ አባባ» አልናቸው። የአስተማሪው ሆድ ሲጮህ ድምፁን ለመሸፈን ሳለ።

በማግስቱ ምሳ ዕቃው መጣ። ከበደኝ። ክዳኑን ስከፍት ገንፎ ነው። ባለቤቴ ምን እንዳሰበች ወዲያው ገባኝ፤ መንጋጋዬን መተውኝ ማኘክ ያቃተኝ መስሏት ነው። የሚዋጥ ነገር፣ ለስላሳ ነገር ልካልኛለች። ቅቤውን እንደ ወጉ መሐሉ ላይ አድርጋው ነበር፤ ዳር ዳሩ ለሽማግሌው በተረፈ። ጠባቂው ግን በማንኪያው ከላይ እስከ ታች አዋሕዶታል።

አስተማሪው እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «ፓስተር፣ ይሄንንም ከመለስን ነገ ወተት ነው የሚመጣልዎት» አለኝ። እኔም ሳቅኩ፤ ከዚያ ባለቤቴ ገንፎውን ስታገነፋ ምን ያህል አልቅሳ ይሆን ብዬ ሳቄ ተቋረጠ። ያንንም ሳንነካ መለስነው። እያስጨነቅኋት እንደሆነ አውቃለሁ። ሌላ ቋንቋ አልነበረኝም።

በሚቀጥለው ቀን ጠዋት ሽማግሌው ለጸሎት ሲነሡ ግድግዳውን ይዘው ቀሩ። ከንፈራቸው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። በሩን ደበደብኩ። «ሰው ሊሞት ነው! ሐኪም ጥሩልን!» ብዬ ጮኽኩ። ከውጭ «እንነግራለን» የሚል ድምፅ መጣ፤ ማን ለማን እንደሚነግር እንጃ። እጄን ጭንቅላታቸው ላይ ጭኜ ልጸልይላቸው ፈልጌ ቆም አልኩ። በእኔ ጸሎት ይከፋቸው ይሆን? እንዲያው በእፍኜ ውኃ ይዤ ከንፈራቸውን ላርስላቸው ሞከርኩ። እሱንም በእጃቸው ከለከሉኝ፤ ዘጠኝ ሰዓት አልደረሰም።

ሦስት ሰዓት ገደማ በሩ ተከፈተ። ሐኪም አይደለም። ስማቸው ተጠራ፤ «ጋቢህን ያዝ» ተባሉ።

«ወዴት ነው?» ብዬ ጠየቅኩ።

«አንተን አይመለከትም።»

የላስቲክ ጫማቸውን እግራቸው ውስጥ ማስገባት አቃታቸው። ተንበርክኬ አጠለቅኩላቸው። እግራቸው ቀዝቅዟል፤ ተረከዛቸው እንደ ቅርፊት ሻክሯል። ትከሻዬን ተደግፈው ተነሡና ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉ።

«ገለቶሚ» ብለው አመሰገኑኝ። «ስለ እኔ ምሳህን እንደተውክ አውቃለሁ። ዛሬ ብላ።»

የመኪናው ድምፅ ወደ አስፋልቱ ወጣ። ወደ ነቀምቴ ይሁን ወደ አዲስ አበባ መለየት አልቻልንም።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ምሳው መጣ። ከፈትኩት። ሽሮ ፍትፍት ነው፤ ቀይ ሽንኩርትና ዘይት ይሸታል። በጣቴ ነካ አድርጌ ቀመስኩት። ቅቤ የለበትም።

የሆነውን ባለቤቴ በኋላ ነው የነገረችኝ። ሁለቱን ሙሉ ምሳ ዕቃ ይዛ ስታለቅስ ያገኘቻት ጎረቤታችን ኦርቶዶክስ ናት። ምግቡን አይታ «አብሮት ጾመኛ ይኖራል» ብላ ገመተች። ባለቤቴ ያለ ቅቤ ልትሠራ ስትነሣ «ተዪው፣ የአንቺ ድስት ፍስክ የለመደ ነው» ብላ በራሷ ድስት ሠራችው። ያቺ ሴት ከአምናው የድምፅ ማጉያ ወዲህ ሰላምታ አትሰጠኝም ነበር።

አስተማሪው ምሳ ዕቃውን አየ፣ እኔን አየኝ። ሦስት ቀን ሙሉ የረባ ነገር አልቀመስንም። እጁ ግን አልተዘረጋም።

«እንቆይ?» አለኝ።

«እንቆይ።»

ክዳኑን መልሼ ገጠምኩት። የፀሐይዋ ነጥብ ሽማግሌው ይተኙበት የነበረውን ባዶ ቦታ አለፈች፤ ቀስ እያለች በሩ ሥር ደረሰች። ተነሣን። በሳቸው ወግ መጸለይ አላውቅበትም፤ እንዳወቅኩት የልጃቸውን ስም ጠርቼ ጸለይኩ። ከዚያ ተቀምጠን በላን፤ በአንድ በኩል የሳቸውን ድርሻ ሳንነካ ተውን። እስከ ፋሲካ ድረስም እንዲሁ አደረግን።

ስፈታም ምክንያት አልነገሩኝም፤ ሲያስሩኝም በቅጡ አልነገሩኝም። ወር ሳይሞላ ሽማግሌው የነገሩኝን ሰፈር ፈልጌ ጌዶ ሄድኩ። ቤታቸው ተዘግቷል። ጎረቤትየው ከላይ እስከ ታች አየኝና «ማን ነው የላከህ?» አለኝ። ፓስተር ነኝ ብዬ ብነግረውም አላመነኝም። በአዲስ ዓመት በሩ ይከፈት እንደሆነ ብዬ ሁለት ጊዜ ተመልሻለሁ። ደጃፉ ሳር በቅሎበታል። በሕይወት ይኖሩ ይሆን፣ ልጁን አግኝተውት ይሆን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ያን በእርሳስ የጀመርኩትን ስብከት አልጨረስኩትም። «ካየ በኋላስ?» ለሚለውም መልስ አላገኘሁም፤ ሰው ሲጠይቀኝ አላውቅም እላለሁ። ጾም ሲገባ ግን ጎረቤታችን በራሷ ድስት ትሠራለች፣ ባለቤቴ ትፈተፍታለች፣ እኔ ወደ ጣቢያው በር እወስዳለሁ።

«ለማን ነው?» ይለኛል ጠባቂው።

«ጠያቂ ለሌለው ጾመኛ።»

አብዛኛውን ቀን ባዶው ይመለስልኛል። አንዳንድ ቀን ደግሞ «ዛሬ እንደዚያ ያለ የለም» ተብሎ ሙሉውን እቀበላለሁ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ እኔ ግን መንገዱን ሁሉ የሽማግሌውን ባዶ ቦታ እያሰብኩ እሄዳለሁ። ቤት ስደርስ ባለቤቴ ከእጄ ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጠዋለች። ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን አንነካውም።