ከአልጋው ሥር የሚረግፈው ዱቄት

የልጄ ልጅ ካሊድ በቅርቡ ያገባል፤ ሙሽራዋንም እናቱ ቤት ነው የሚያስገባት። ባለፈው ሳምንት ከሚሠራበት ኢንዱስትሪ ፓርክ የተጣሉ ፓሌቶች፣ ዕቃ የሚጫንባቸውን የእንጨት ርብራቦች፣ አምጥቶ፣ አልጋ ሊሠራ ግቢ ውስጥ ሲፈታታ፣ እንጨቱ ላይ በእሳት የታተመ ምልክት አየሁና ምንነቱን ጠየቅሁት።

«በምድጃ ሞቋል ማለት ነው፣ እማማ። ውስጡ ያለ ነቀዝ እንዲሞት። ይኼ ከሌለው ወደብ ላይ አያሳልፉትም፤ አገሮች የተስማሙበት ሕግ ነው።»

ደሜ ፈላ። ልጁ ምን እንዳጠፋ አላወቀም፤ ደነገጠ።

በደርግ ጊዜ አዲስ ሙሽራ ነበርኩ። ባለቤቴ ኢብራሂም የሚሠራበት ፋብሪካ ከባሕር ማዶ ማሽን ያስመጣል፤ ማሽኑ በባቡር የመጣበት ትልልቅ የእንጨት ሳጥን ደግሞ ለሠራተኛው ይታደላል። ጣውላ እንደ ልብ የማይገኝበት ዘመን ነበርና ሲሳይ ነው። አለቆቹ መፈክር አሰምተው፣ አስጨብጭበው አደሉ። እንጨቱ ምን ይዞ እንደመጣ የጠየቀ የለም። ኢብራሂም በደረሰው ጣውላ የሙሽርነት አልጋችንን አሠራ። የአንዱ እግር ቅርፊት እንኳ በወጉ አልተላጠም።

ብዙም ሳይቆይ በየጠዋቱ ከአልጋው ሥር እንደ ፉርኖ ዱቄት የላመ ነገር አገኝ ጀመር። እጠርገዋለሁ፤ በማግስቱ እዚያው ነው። አማቴ እማ ሐሊማ አዩት። ምስጥ ቢሆን ያውቁታል፤ ድሬዳዋ ምስጥ የማያውቅ ቤት የለም። ምስጥ ግን አፈር ይሠራል። ይኼ ዱቄት ብቻ ነው።

«ሲህር ነው!» አሉ፤ ድግምት ማለታቸው ነው። «ልጄን ልታደነዝዝብኝ እየነሰነሰች ነው። ዋላሂ፣ ከቤቴ ትውጣልኝ!»

ኢብራሂምን አየሁት። መሬት መሬቱን ያያል።

«ነገሩ እስኪበርድ እናትሽ ጋ ሁኚ» አለኝ።

እስኪበርድ! ዛሬም ያንገበግበኛል።

ልብሴን በሻሽ ቋጥሬ የደቻቱን ደረቅ ወንዝ አሸዋ በቀትር ተሻገርኩ። አሸዋው ጫማዬ ውስጥ ገብቶ ይፋጃል። ማንጎ የሚሸጡት ሴቶች እንዳያናግሩኝ ፊቴን አዞርኩ፤ ሙሽራ ቋጠሮ ይዛ ወደ እናቷ ስትመለስ ምን እንደሚባል አውቃለሁ። ወሬው ተከትሎኝ መጣ። ታናሽ እህቴን ለጋብቻ ሊጠይቁ የነበሩት ሰዎች የድግምተኛ እህት አንፈልግም ብለው ቀሩ።

ዝናቡ ሲገባ ኢብራሂም ሙሸበክ በወረቀት ጠቅልሎ መጣ። ያን የምወደውን ጣፋጭ አልነካሁትም።

«አልጋው ተሰበረ» አለኝ። «እግሩን ነቀዝ ከውስጥ ጨርሶታል። ዱቄቱም አንቺ ከሄድሽ ወዲህ አንድ ቀን አልቆመም።»

«ማን ይጠርገው ነበር?»

ሙሸበኩን ወደ እኔ ገፋ አደረገው።

«ማን ይጠርገው ነበር፣ ኢብራሂም?»

«እማ» አለ።

እኔ እዚያ አለመኖሬን እያወቁ፣ በየጠዋቱ ጠርገው ዝም አሉ! ለሰፈር ሲህር ብለው የጮኹት ሴትዮ ያኔ ድምፃቸው ጠፋ። ነቀዙስ የተፈጠረበትን ነው የሠራው፤ እሱን ይቅር ብያለሁ።

አልጋው ሰፈር እያየ ካልተቃጠለ አልመለስም አልኩ። ተቃጠለ፤ ተመለስኩ። እማ ሐሊማ እስኪሞቱ ድረስ ስለዚያ ነገር አንድ ቃል አልተነፈሱም። የእህቴ ጠያቂዎችም በዚያው ቀሩ።

ይህን ሁሉ ስነግረው ካሊድ ሊያጽናናኝ ሞከረ።

«ያን ጊዜ ሕጉ አልነበረማ፣ እማማ።»

እውነቱን ነው። እንጨቱን ሳይመረምሩ አስገቡት፤ እኔንም ሳይመረምሩ አስወጡኝ። ልጄ፣ የካሊድ እናት፣ በሩ ላይ ቆማ ትሰማናለች።

«ማህተሙን በፊት ለፊት በኩል አድርገው» አልኩት። «እናትህ በየጠዋቱ እንድታየው።»