የቬርለ ጠዋቶች በፋታጋ ዳገት

ከባቡር ጣቢያው ወደ ሆስፒታሉ የሚሄደውን አውቶቡስ የምትነዳው ቬርለ ስለሆነች፣ በከተማችን በኦውደናርደ እሷን የማያውቅ ሰው ጥቂት ነው። እኔ ደግሞ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቷ ነኝ። ይህን ታሪክ እሷና ባሏ ዮሪስ በየተራ ነው የነገሩኝ።

እኛ አገር ብስክሌት የማይወድ የለም፤ የቬርለ ግን ይለያል። በጥር ውርጭ መንገዱ ሲያንሸራትት፣ ጋራዥ ውስጥ በቆመ ብስክሌት ላይ ተቀምጣ ፔዳል ስትረግጥ የጎማው ጉርምርምታ እኔ ሳሎን ድረስ ይሰማል። የካቲት ላይ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ቤተሰቡ ሞቃታማዋ ግራን ካናሪያ ደሴት ሲሄድ ታዲያ፣ ልጆቹ የሚናፍቁት ባሕሩን ነው፤ እሷ የምትናፍቀው ደረቁን መንገድ።

ስምምነታቸው ግልጽ ነበር። እስከ ምሳ ያለው ጊዜ የብስክሌቱ ነው፣ ከምሳ በኋላ የቤተሰቡ። ዮሪስም አልተቃወመም። "ሳትጋልቢ ከዋልሽ የምንጎዳው እኛ ነን" ብሎ ይቀልድባት ነበር። እሷም ሌሎቹ ሳይነሱ ወጥታ፣ በኪራይ ብስክሌት ፋታጋ ወደሚባለው የተራራ መንደር የሚወስደውን ዳገት ትወጣለች። ለምሳ ትመለሳለች። ከዚያ ከልጆቹ ጋር ባሕር ዳር ትወርድና ጃንጥላው ሥር እንቅልፍ ይወስዳታል።

ባለፈው ዓመት፣ በአራተኛው ቀን፣ ከመንደሩ በታች ያለችውን ኩርባ እንዳለፈች የኋላ ጎማዋ ተነፈሰ። የያዘችው መለዋወጫ የውስጥ ጎማም የተበሳ ሆኖ ተገኘ። ኩርባዋ ላይ ቡና ቤት እንዳለ ትዝ አላትና ብስክሌቷን እየገፋች ወደ ኋላ ተመለሰች።

በረንዳው ላይ አንድ ሰውዬና ሁለት ልጆች ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠዋል። "የኔን ልጆች ይመስላሉ" ብላ አሰበች። ከዚያ ትልቋ ዞረች። ማርተ ነበረች፣ የዘጠኝ ዓመት ልጇ።

"እማዬ" አለች ማርተ ቀስ ብላ።

ቬርለ ብስክሌቷን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። "እናንተ እዚህ ምን ታደርጋላችሁ?"

"አንቺን ልናይ ነዋ።"

"ዛሬ ነው የመጣችሁት?"

ማርተ አባቷን አየችው። ዮሪስ ብርጭቆውን ያሽከረክራል።

"በየቀኑ እንመጣለን" አለች። "በአውቶቡስ። አንቺ ከወጣሽ በኋላ ተነስተን፣ ሳትመለሺ ሆቴል እንገባለን።"

ጠረጴዛው ሥር ከብስኩት ካርቶን የተቆረጠ ሰሌዳ ወድቋል። በቀይ እስክሪብቶ "እማዬ ርገጪ" ተጽፎበታል።

"ትናንት እኮ እጅሽን አነሳሽልን" አለች ማርተ። "ግን ለማያውቁት ሰው እንደሚያነሱት ነው ያነሳሽው።"

ቬርለ አስታወሰች። ትናንት ኩርባው ላይ የሆኑ ልጆች ሲጮሁላት፣ ፍጥነቷንና የልብ ምቷን ከምታሳየው ትንሽ ስክሪን ዓይኗን ሳትነቅል እጇን አንስታ ነበር። እንዲያውም ለማታውቃቸው ልጆች ሰላምታ ስለሰጠች ደስ ብሏት ነበር።

ትንሹ ልጇ ስታፍ፣ ገና ስድስት ዓመቱ፣ ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ እግሩን ያወዛውዛል። ልብሷን ከላይ እስከ ታች አያት።

"ልብስሽ ልክ እንደዚያች ሴትዮ ነው።"

"የቷ ሴትዮ?"

"በዚህ የምታልፈዋ። ማርተ እማዬ ናት ትላለች። እኔ አይደለችም አልኳት። እማዬ ብትሆን ታየን ነበር።"

ልጁ ይህን ሲል አልተቆጣም፣ አላለቀሰም። አንድ ነገር እንደሚያስረዳ ሰው ነበር የተናገረው። ቬርለ ብስክሌቷን ግድግዳው ላይ አስደገፈችው። የቡና ቤቱ ባለቤት ካንደላሪያ፣ ጠና ያሉ ሴት ናቸው፣ ወንበርና ውኃ ይዘው ወጡ።

"ምነው ልጄ፣ ፊትሽ እንዲህ አመድ የመሰለው? ወድቀሽ ነው?"

"አልወደቅኩም" አለቻቸውና ውኃውን ተቀበለች።

"ለምን አልነገርከኝም?" አለችው ዮሪስን፣ ሴትዮዋ ሲገቡ።

"መጀመሪያ ድንገት ልናስደስትሽ ነበር። ዝም ብለሽ ስታልፊ ሳቅን። በሁለተኛው ቀን ጮህን።" ሰሌዳውን ከጠረጴዛው ሥር አነሳ። "ከዚያ በኋላ ምን ብዬ ልንገርሽ? ነግሬሽ ብታይን ምን ዋጋ አለው?"

ብስክሌቷ በአውቶቡሱ የዕቃ መጫኛ ተጭኖላት አብረው ወረዱ። "እኔ እኮ" አለችኝ በኋላ፣ "ስንት ዓመት ስነዳ ማቆሚያ ላይ የሚጠብቀኝን ሰው ጥዬ አልፌ አላውቅም።"

በማግስቱ አልጋለበችም። በሆቴሉ መዋኛ ዳር ከልጆቹ ሳትለይ ዋለች፤ ክሬም ትቀባቸዋለች፣ ፎጣ ታቀብላቸዋለች፣ ራባችሁ ወይ፣ በረዳችሁ ወይ ትላለች።

"እማዬ፣ ነገ በቃ ሂጂ" አለቻት ማርተ ማታ ላይ። "ሁላችንንም አስጨነቅሽን።"

ሄደች። ስክሪኗን ከመሪው ነቅላ ኪሷ ከተተች። ኩርባው ጋ ስትደርስ ፍሬን ይዛ ቆመች። በረንዳው ባዶ ነበር።

"ዛሬ አልመጡም" አሏት ካንደላሪያ።

ቁልቁለቱን እንዴት እንደወረደች አታውቀውም። አንዱ ልጅ ታሞ፣ አንድ ነገር ደርሶ ይሆናል እያለች ነው የበረረችው። ያገኘቻቸው ባሕር ዳር ነው። ማርተ ስታፍን እስከ አንገቱ አሸዋ ውስጥ ቀብራዋለች፤ ዮሪስ መጽሐፍ ያነባል።

"ለምን አልመጣችሁም?" አለች እያለከለከች።

ዮሪስ ቀና አለ። "ስታፍ ጉድጓድ መቆፈር ፈለገ።"

"አንቺ ደግሞ ለምን ቶሎ መጣሽ?" አላት ስታፍ ከአሸዋው ውስጥ።

ቬርለ በላብ የራሰ ልብሷን እንደለበሰች አጠገቡ ተቀመጠችና እግሩን ልታወጣለት በእጇ መቆፈር ጀመረች።

ዘንድሮም እዚያው ሄደዋል። አሁን አንድ ቀን እሷ ትጋልባለች፣ በማግስቱ ዮሪስ ልጆቹን ለእሷ ትቶ ብቻውን ይጠፋል። ልጆቹ ኩርባው ላይ ይጠብቋት አይጠብቋት አስቀድመው አይነግሯትም። እሷም አትጠይቅም፤ እዚያ ስትደርስ ግን ሁልጊዜ ትቆማለች።