በመስኮቱ ደፍ ላይ የተቀመጠች ሲጋራ

ልብስ ሰፊዋ በዕድሜዋ አጭሳ አታውቅም። ሲጋራ መጠቅለል ግን ከሰፈሩ አጫሾች ሁሉ የተሻለ ታውቅበታለች። ነገሩ የጀመረው አናጺው ባሏ የቀኝ እጁን ሌባ ጣትና መሃል ጣት በመጋዝ የተቆረጠ ጊዜ ነው። ከሆስፒታል ወጥቶ ቤቱ እንደገባ ትምባሆውን ስስ ወረቀት ላይ ሊያደርግ ሲሞክር ጭኑ ላይ ፈሰሰበት። ደገመ፤ አሁንም ፈሰሰበት። እሷ መቀሷን አስቀምጣ ወረቀቱን ከእጁ ቀማችው።

«እስቲ ወዲህ በል! ቤቱን ትምባሆ ዘራህበት እኮ።»

ከዚያ ወዲያ ጥቅለላው የእሷ ሥራ ሆነ። ባሏ ምሳውን በልቶ ወንበሩን ወደ መስኮቱ ሲያስጠጋ የስፌት መኪናዋን ታቆማለች። ትምባሆውን በጣቶቿ ታፍታታለች፣ ትጠቀልላለች፣ የወረቀቱን ጠርዝ በምላሷ ጫፍ አርሳ ትለጥፍና በመስኮቱ ደፍ ላይ ታስቀምጥለታለች። እሱም በቀለበት ጣቱና በትንሿ ጣቱ መሃል ሰካ አድርጎ ይለኩሳታል። አንድ ጊዜ ከሳበ በኋላ ሁልጊዜ የሚላት ነገር ነበረው።

«አከሳሽብኝ እኮ፣ ሙሽራዬ።»

«ነገ አወፍርልሃለሁ» ትለዋለች።

ሙሽራዬ የሚላት ብቻቸውን ሲሆኑ ነበር። ሰው ፊት «ሰማሽ ወይ» እንጂ ሌላ ስም የላትም። ልጅ አልወለዱም፤ ቤቱ የሁለቱ ብቻ ነበር። ክረምቱ ሲገባ አናጺው ሳል ያዘው። ሳሉ ወደ ደረቱ ወረደና ብዙም ሳያስታምሙት ሞተ።

ለቀስተኛው ተበትኖ ቤቱ ጭር ካለ በኋላ አንድ ቀን ሰፊዋ የደንበኛ ሱሪ እያሳጠረች ሐሳብ ይዟት ሄደ። ወደ ልቧ ስትመለስ ሱሪው መሬት ወድቋል፤ በእጇ ያለችው ጥቅልል ያለች ሲጋራ ናት። የትምባሆውን ጣሳ ከመደርደሪያው መቼ እንዳወረደችው አታስታውስም። «እጅና ልማድ!» ብላ ለብቻዋ ሳቀች። መጣሉ ግን ነውር መሰላትና እንደ ወትሮው ደፉ ላይ አኖረቻት።

ክር ልትገዛ ወጥታ ስትመለስ ሲጋራዋ የለችም። መተርኮሻው ውስጥ አመድና ቁራጭ አለ። መስኮቱ ዝግ ነው፤ የበሩን ቁልፍ ደግሞ ይዛው የሄደችው እሷ ናት። ሰውነቷን ውርር አደረጋት። ያም ሆኖ በማግስቱ ሌላ ጠቀለለች። ያቺም ተጨሰች።

ለማንም ሳትተነፍስ ሰነበተች። በመጨረሻ ነርስ የሆነችው ታናሽ እህቷ ጥቂት ቀን ልትሰነብት ሻንጣዋን ይዛ መጥታ ቤቱ ጭስ ጭስ ሲላት ነገሩን ታወጣጣት ጀመር። ሰፊዋም ሳትደብቅ ነገረቻት።

«እትዬ፣ አጫሿማ አንቺው ነሽ» አለች ነርሷ። «ሐዘን ያስረሳል። በሥራዬ ስንቱን አይቻለሁ! እስቲ ተንፍሺ።»

ሰፊዋ ተነፈሰችላት። ከሽንኩርት በቀር ምንም የለም።

«እኔ እኮ የሞተ ሰው እንኳ ከሲጋራ ይላቀቃል ብዬ ነበር» አለች ነርሷ እየሳቀች። ከዚያ ተነስታ የዕለቷን ሲጋራ ከደፉ ላይ አነሳች። «እንግዲያው ዛሬ እኔ አጨሳታለሁ። የሚመጣ ካለም ባዶ እጁን ይመለስ!»

«ተይ፣ እባክሽ።»

ነርሷ አልሰማቻትም። በአናጺው ወንበር ተቀምጣ ክብሪት ጫረች። ቀኑ ብራ ነበር፤ ከውጭ የሚጫወቱ ልጆች ጫጫታ ይሰማል። ሰፊዋ አጭሳ የማታውቀው እህቷ ስታስል ልትስቅባት ተዘጋጅታ ነበር። ነርሷ ግን አላሳላትም። ጭሱን ወደ ውስጥ ሳበችው፣ ያዘችው፣ በአፍንጫዋ ቀስ አድርጋ ለቀቀችው። ሰፊዋ እጇን አየች። ሲጋራዋ በቀለበት ጣቷና በትንሿ ጣቷ መሃል ተሰክታለች። ሌሎቹ ሁለት ጣቶች የሌሉ ያህል ወደ መዳፏ ታጥፈዋል።

ነርሷ ከመስኮቱ ዓይኗን ሳታነሳ ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገረች።

«አከሳሽብኝ እኮ፣ ሙሽራዬ።»

ሰፊዋ ክው አለች። ልትጮህ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ጩኸት አልነበረም።

«ነገ አወፍርልሃለሁ» አለች።

ነርሷ ራሷን ነቀነቀችና እስከ መጨረሻው አጭሳ መተርኮሻው ላይ ደፈጠጠቻት። ከዚያ ዓይኗን ጨፈን ከፈት አደረገች።

«ምን ያስፈጥጥሻል? ስጪኝ እንጂ ክብሪቱን፤ ልለኩሳት እኮ ነው።»

ሰፊዋ ጣሳውን አንስታ ወጣችና ትምባሆውን ሁሉ ቦይ ውስጥ ደፋችው። ወረቀቱንም ቦጫጭቃ ጨመረችበት። በዚያው ቀን እህቷን ሻንጣዋን አሲዛ ወደ ቤቷ ሸኘቻት። ነርሷ ተቀይማ ሄደች፤ የተባረረች ነው የመሰላት። እውነቱን ልንገራት ብላ ሰፊዋ ስንቴ አስባ ተወችው።

መተርኮሻው ከዚያ ወዲህ ባዶ ነው፤ ቤቱም የሳሙናና የአዲስ ጨርቅ ሽታ ብቻ ሆኗል። ለደንበኞቿ ያንን ወንበር አውጥታ ትሰጣለች፤ ማንም ተቀምጦበት ምንም ሆኖ አያውቅም። ሰፊዋ ግን አሁን የምትፈራው ቤቷን አይደለም። ከእህቷ ጋር ታርቀው በየእሁዱ ስልክ ይደዋወላሉ፤ የዘመድ ወሬ፣ የኑሮ ውድነት፣ የበሽተኞች ቀልድ ያወራሉ። አንዳንዴ ነርሷ የጀመረችውን ወሬ መሃል ላይ ታቆማለች። ከዚያም ረጅም ትንፋሽ ይሰማል።

«ምን እያደረግሽ ነው?» ትላታለች ሰፊዋ።

«ምንም» ትላለች እህቷ። «ምነው?»

«አይ፣ እንዲሁ ነው።»

ስልኩን እንደያዘች፣ ቀጥሎ የሚመጣው ድምፅ የማን እንደሆነ እስክትለይ ትጠብቃለች።