መስኮት፦ አለው

ታላቅ እህቴ ዋጋ ለቃሚ ናት። ሃያ ዓመት ሙሉ ክብሪት እንኳ ሳትገዛ ሱቅ ለሱቅ ስትዞር፣ ባለሱቆቹ «ስንት ነው» የሚል ስም አወጡላት። ቢሮዋ የሁለት ዋና ከተሞችን ኑሮ፣ የእሷንና እኔ የምኖርበትን፣ በአንድ ዝርዝር ያወዳድራል። በዝርዝሩ ያለው ዕቃ ከጠፋ መመሪያው የሚቀርበውን ጻፊ ይላታል፤ ሥጋ ከጠፋ አጥንት፣ አዲስ ጫማ ከጠፋ የታደሰ። እሷ ደግሞ መመሪያ ስታከብር ለጉድ ነው።

እኔ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ጨርቅ ቆራጭ ነበርኩ። ኪራይ የደሞዜን ግማሽ ይበላል፤ ከቀረው ላይ የልጄ የአስም መድኃኒት አለ። ቢሆንም ቧንቧ ሲከፈት ውሃ ይመጣል፣ አውቶቡስም ሰዓቱን ያከብራል። አንድ ቀን የእህቴ ቢሮ ሰንጠረዥ ጋዜጣ ላይ ወጣ። በእሷ ከተማ ሁለት ክፍል፣ ማብሰያና መስኮት ያለው ቤት ኪራዩ እኔ ከምከፍለው ሲሶው ነው። ሚስቴ መጀመሪያ ሄደህ እየው ብላኝ ነበር። የገዛ እህቴን ቁጥር እንዴት ልጠራጠር? መድኃኒቱን እንደልብ እንገዛለን ብዬ ሥራዬን ለቀቅኩ፣ ዕቃዬን ሸጥኩ፣ ቤተሰቤን ይዤ ከተፍ አልኩ። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ማለት ለእኔ ነው።

ለካ ሰንጠረዡ ላይ የገባው የእህቴ የራሷ ቤት ነው። ልክ እሱን የመሰለውን፣ ግድግዳ የሚጋራውን፣ ለእኛ ተከራይታ ጠበቀችን። ሁለት ክፍል የተባለው በኮምፖንሳቶ የተከፈለ አንድ ክፍል ነው። ማብሰያው ከበር ኋላ የተቀመጠች የጋዝ ምድጃ ናት። ውሃ በጀሪካን ይገዛል፣ ጀሪካኑም አተላ አተላ ይሸታል። መስኮቱን ስከፍት የጋራው ሽንት ቤት ግድግዳ አፍንጫዬ ስር ተደቀነ። ከተሰነጠቀው ቱቦ አረንጓዴ ነገር ይንጠባጠባል፣ ዝንቡ ሰው አይፈራም። ልጄ ሳል ጀመራት።

«እትዬ፣ መስኮት ብለሽ የጻፍሽው ይህንን ነው?» አልኳት።

«ቅጹ መስኮት አለው ወይ ነው የሚለው፤ ምን ያስገባል አይልም» አለችኝ። ቀጥላም፣ «ሽታው እኮ ከሦስት ዓመት በኋላ አይሰማም።»

እውነቱን ልናገር፣ ያን ጊዜ ከቱቦው ይልቅ እሷ አስጠላችኝ። ሰው እንዴት ሃያ ዓመት ሙሉ ለሌላው ዋጋ እየጠየቀ አፍንጫውን ያጣል?

ልጄን ሦስት ቀን ሲያፍናት ሰነበተ። እህቴ የቢሮዋን ቅጾች ጠቅልላ የመስኮቱን ስንጥቅ ወተፈችበት፤ ሽታው ግን በወረቀት የሚመለስ አልነበረም። በአራተኛው ቀን ያንኑ ዝርዝሯን ይዛ ወጣች፤ በዚህ ጊዜ ግን የሚቀርበውን አልፈለገችም። የእውነት ሁለት ክፍል፣ ውሃ ያለው፣ መስኮቱ አየር የሚያስገባ ቤት ፍለጋ ስትዞር ዋለች። ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«አገኘሽ?» አልኳት።

«አንድ አለ።»

«ስንት ነው?»

ልጄን አየቻት እንጂ እኔን አላየችኝም።

«እዚያ ስትከፍል የነበረውን ያህል» አለች።