የግዛቸው ቁሌት

ግዛቸው በዲላ መናኸሪያ አቅራቢያ የቧንቧና የቀለም ዕቃ ይሸጣል። አባቱ ከመንዝ ለንግድ መጥተው እዚያው የቀሩ ሰው ነበሩ፤ እሱም ዲላ ተወልዶ፣ ዲላ አግብቶ፣ ሃምሳውን አልፏል። እስካለፈው ዓመት መስከረም ድረስ ከሻይ በቀር እሳት ላይ ጥዶ የሚያውቀው ነገር አልነበረም።

በዚያ መስከረም ሚስቱ አልጣሽ ልብስ ስታሰጣ ወደቀች። ስትሮክ ነው ተባለ። ከሆስፒታል ስትወጣ አንደበቷ ተመልሷል፣ በምርኩዝም ትራመዳለች፤ ቀኝ እጇ ግን ማንኪያ እንኳ አይዝም። ሐዋሳ የምትሠራው ልጃቸው ሀኒ ሥራዬን ትቼ ልምጣ ብትል እናቷ አልፈቀደችም። ሠራተኛ ፈለጉ። የቡና ለቀማ የደረሰበት ጊዜ ስለነበር ግን ሥራ ፈላጊው ሁሉ ወደ ይርጋጨፌና ወደ ወርቃ ሄዷል። ግዛቸው ከምግብ ቤት እያስቋጠረ መምጣት ጀመረ። ሐኪሙ ጨውና ቅባት ቀንሺ ብሏት ነበርና ምግቡ ለአልጣሽ አልተስማማትም።

"እንግዲያው እኔው ልሥራ" አለ አንድ ቀን።

"በል እስቲ" አለች። ወንበሯን ማድ ቤቱ በር ላይ አደረገላትና ምስር ወጥ ጀመረ። እሷ ትናገራለች፣ እሱ ይሠራል። ግን የምትለው አልገባውም። ሽንኩርቱ አረረ፣ በርበሬው መረረ። ድስቱን ግቢ አውጥቶ ሲፍቅ አልጣሽ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ማልቀሷን አውቆ መፋቁን ቀጠለ።

በማግስቱ ከሱቅ ለምሳ ሲመጣ እሷ ቀድማ ተናገረች።

"ትናንት ከመጨረሻው ጀመርን። ዛሬ ወጥ የለም። ሽንኩርት ብቻ ነው የምታበስለው።"

"ሽንኩርት ብቻ? እስከ መቼ?"

"እስኪበስል።"

"አልጣሽ፣ እስኪበስል ማለት ምን ማለት ነው? እኔ እኮ አላውቀውም።"

አልጣሽ ልትቆጣ ነበር፤ ተወችው። ዕድሜዋን ሙሉ ስትሠራው የኖረችውን ነገር በቃል ተናግራው አታውቅም። ቆም ብላ አሰበች። "ጥሬው ዓይን ያቃጥላል" አለች። "ሲበስል ማቃጠሉን ይተዋል፣ ሽታው ጣፈጥ ይላል። ዘይት አሁን አታድርግ። ድስቱን ሲይዝብህ ትንሽ ውኃ ጠብ አድርግበት።"

በቀስታ አበሰለው። ሽታው ሲለወጥ ራሱ አወቀው። ዘይት ጨመረበት፣ ሁለት እንቁላል ሰበረበት፣ ቃሪያ ከተፈበት። እንጀራውን ከጎረቤት ገዝተው በሉ። አልጣሽ በግራ እጇ እየጎረሰች "ይበላል" አለች። በዚያ ሰሞን ያንኑ ነው የበሉት፤ አንዳንዴ በእንቁላል፣ አንዳንዴ በቲማቲም፣ ካጠገቡም የተቆረጠ አቮካዶ። የሽንኩርቱን አያያዝ ከለመደ በኋላ በርበሬ አስጨመረችው፤ በርበሬው ሲገባ እሳቱን ቀንሶ ቶሎ ውኃ እንዲያጠጣው ነገረችው። ከዚያ የታጠበ ክክ ምስር ገባ። ወጥ ሆነ።

የቸገረው ጊዜ ማጣት ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ ሱቁን ዘግቶ ሽንኩርት ሲከትፍ ሰዓቱ ያልቅበታል። አልጣሽ መላ አመጣች፤ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቁሌቱን በትልቅ ድስት አብስሎ በዕቃ በዕቃ ፍሪጅ ውስጥ እንዲያስቀምጥ። ከዚያ ወዲያ ምሳ መሥራት አላስጨነቀውም።

ታኅሣሥ ላይ የሚካኤል ማኅበር ተራ እነሱ ጋ ደረሰ። የማኅበሩ አንጋፋ ወይዘሮ አሰፋች አስቀድመው መጡ።

"ልጄ፣ ዘንድሮ ለሌላ እናስተላልፈው" አሏት አልጣሽን። "ሚካኤል ያውቅልሻል።"

አልጣሽ አንገቷን ደፋች። ግዛቸው ግን "አይ፣ እኛው እናወጣዋለን" አለ።

ሴትዮዋ እንደወጡ ተቆጣችው። "ማን ሊሠራ? ሰው ፊት ልታዋርደኝ ነው?"

"አንቺ ትናገሪያለሽ፣ እኔ እሠራለሁ። ዕለት ዕለት የምናደርገው አይደል?"

ማታውን አላናገረችውም። ጠዋት ላይ፣ "ብዙ ዓይነት አይኖርም" አለች። "ጾም ነው። ምስር፣ ጎመን፣ ድንች በካሮት። የምትችለውን ብቻ አብዝተህ ትሠራለህ።"

ጠላውንና ዳቦውን ወይዘሮ አሰፋች እንልካለን አሉ። በዕለቱ ግዛቸው ሱቁን አልከፈተም። ጎመኑና ድንቹ ደህና ወጡ። ምስሩ ግን በትልቁ ድስት ታች ታቹን ያዘ፤ የማረር ሽታ መጣ። ግዛቸው ማማሰያውን አነሣ።

"አታማስለው" አለች አልጣሽ ከበሩ። "የያዘውን ከነካኸው ሁሉም ይሸታል። ከላዩ ቀስ ብለህ ወደ ሌላ ድስት ገልብጠው፣ ታቹን ተወው።"

እንዳለችው አደረገ። ቀመሰው። ማረሩ አልገባበትም። 

ቄሱ ባርከው ማኅበርተኛው መብላት ሲጀምር ግዛቸው በሩ ጋ ቆሞ ፊታቸውን ያይ ነበር። ወይዘሮ አሰፋች ሁለት ሦስት ጊዜ ከጎረሱ በኋላ ቀና አሉ።

"ጨው አንሶታል" አሉ።

ለአልጣሽ እንደለመደው ሠርቶት ነው፤ እንግዳ መኖሩን ረስቷል። ጨው ሊያመጣ ሲዞር፣ "ሌላው ግን ጥሩ ነው። ማን ሠራው?" ሲሉ ሰማ።

አልጣሽ አንገቷን ቀና አደረገች። "ግዛቸው ነው" አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

ከወንዶቹ መሐል አንዳንዱ ሳቀ። ታረቀኝ የሚባለው ሾፌር ግን አልሳቀም። ሚስቱ ለትምህርት አዲስ አበባ ከሄደች ወዲህ ደረቅ ዳቦ የሚበላ ሰው ነው። ሰው ሲበተን ማድ ቤት ገብቶ፣ "ሽንኩርቱ አያርብህም እንዴ?" ብሎ ጠየቀው። ግዛቸው ድስቶቹን እያጠበ አስረዳው። በሳምንቱ ታረቀኝ ሽንኩርት ተሸክሞ መጣና እዚያው ሠርቶ ወሰደ።

ዛሬ የአልጣሽ ቀኝ እጅ ነጭ ሽንኩርት ለመላጥ በቅቷል። ወጡን የሚሠራው አሁንም ግዛቸው ነው። ዶሮ ብቻ ገና አልሞከረም። አልጣሽ ለፋሲካ ትላለች፤ እሱ ለከርሞ ይሁን ይላል።